የሐሙስ ሸሚዞች

አቶ ሰይፈሥላሴ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ጓሮ፣ ጠባቧ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ሲሚንቶው እርጥብ ነበር። ቀኝ እጃቸው ወደ አሮጌው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተዘርግቷል፤ የማሽኑ ገመድም ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነበር። ቀድሞ የደረሰው ሳጅን ኢሳያስ ገመዱን በመጥረጊያ እንጨት መትቶ ነቀለው። ይህን ጀግንነቱን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ለሦስት ሰዎች ተረከላቸው።

ኢንስፔክተር ማዕዶት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። አርባውን ያለፈች፣ ሴቻ ተወልዳ ያደገች የመምህር ልጅ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ ከሚናገር ሰው ይልቅ ዝም ላለ ዕቃ ብዙ ጊዜ ትሰጣለች ብለው ያሟታል። ሐሜቱ እውነት ነው፤ እሷም አትክደውም። ዕቃ አይዋሽም፣ ሰው ግን ሲጨንቀው ይዋሻል ትላለች።

«ይሄ ያለቀ ነገር ነው» አላት ሳጅን ኢሳያስ። «ኤሌክትሪክ ነው። ማሽኑን ዘካሪያስ የሚባል የሲቀላ ሰፈር ጠጋኝ ባለፈው ሳምንት ከፍቶት ሳይጨርስ ሄዷል። ሽማግሌው ሰኩት፣ ነኩት፣ ያዛቸው። ሰውዬውን አስይዤዋለሁ።»

«በዚህ ፍጥነት?»

«ገና ሳልጠይቀው ነው ጥፋቱ የኔ ነው ያለኝ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

ሳጅኑ ፈገግ አለ። አብረው ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ እንዲህ ስትለው አይቀየማትም።

ማዕዶት ሬሳው አጠገብ በርከክ አለች። ከጭንቅላታቸው ኋላ ቁስል አለ። መዳፋቸው ላይ የመቃጠል ምልክት አይታይም። እግራቸው ላይ ካልሲ ብቻ ነው ያለው፤ የካልሲው ተረከዝ በቀይ አፈር ቆሽሿል፣ ከፊት በኩል ያለው ውስጥ እግሩ ግን ንጹሕ ነው። ቀጥላ ተነስታ የማሽኑን ክዳን ከፈተች። ከበላዩ የሚከፈት፣ ቀለሙ የወየበ፣ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ የተሠራ ከባድ ማሽን ነው። ውስጡ በውኃ የተነከሩ ሦስት ሸሚዞች አሉ። በሰማያዊው ሸሚዝ እጥፋት ላይ አንድ እፍኝ የሚሆን ዱቄት ሳሙና እንደ ሊጥ ረግቶ ተቀምጧል። በጣቷ ነካችው፤ መሐሉ ገና ደረቅ ነበር።

በልጅነቷ የስድስት ሰው ልብስ በእጇ አጥባ ያደገች ሴት ናት። ሳሙናው አልተዋጠላትም። ለማንም ግን አልተናገረችም።

በረንዳው ላይ የሟቹ የአርባ ዓመት ወዳጅ ጋሽ ሽበሺ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሰሜን በወጣትነታቸው መጥተው፣ ዛሬ በሌለ አንድ የመስኖ ፕሮጀክት አብረው ሠርተው፣ አብረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሰይፈሥላሴ መሬት ቀያሽ፣ ሽበሺ ካርታ ነዳፊ ነበሩ።

«እንዴት እንዳገኟቸው ይንገሩኝ፣ ጋሽ ሽበሺ።»

«ለሳጅኑ ነግሬዋለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ለኔም ይንገሩኝ።»

«ሦስት ሳምንት ሐዋሳ ልጄ ዘንድ ነበርኩ፤ ዓይኔን እየታከምኩ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ገባሁ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጠይቀው መጣሁ። የጓሮው ማሽን ድምፅ ይሰማል። ሐሙስ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሐሙስ ሸሚዞቹን ሲያጥብ ማንም አያናግረውም። ማሽኑ የሚስቱ የኢየሩስ ነው፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ከሱ በቀር ማንም አይነካውም።»

«ድምፁ እንዴት ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ዱም ዱም እያለ ያሽከረክራል። ከዚያ ሊጨምቅ ሲል ያቺን ፉጨቱን ያፏጫል። ስንት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሺኝ እለየዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እዚህ ተቀምጬ ጋዜጣ አነበብኩ። አሥር ሰዓት ገደማ ድምፁ ቀጥ አለ። ጨርሷል፣ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት። ሲቆይብኝ ሄድኩ።» ጋሽ ሽበሺ በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። የሽማግሌው ልቅሶ የእውነት ነበር፤ ማዕዶትም የእውነት መሆኑን አየች። ነገሩን ያከበደባትም ይኸው ነው። ከበረንዳው ስትወርድ ወደ ደረጃው ተመለከተች። ከመንገዱ የሚነሳው አፈር በረንዳውን በሙሉ አልብሶታል፤ የታችኛው ደረጃ ጥግ ብቻ ክንድ በሚያህል ስፋት ታጥቦ ነጥቷል።

*

ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ ያለውን ሳጅን ኢሳያስ ይዞ መጣ። ሟቹ የሞቱት ጭንቅላታቸው ከኋላ ተሰብሮ ነው። ኤሌክትሪክ ይዟቸው ይሁን አይሁን ሐኪሙ በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም።

«ኤሌክትሪኩ ወርውሯቸው ነዋ የተሰበረው» አለ ሳጅኑ።

«ሊሆን ይችላል። ትናንት ከሰዓት መብራት ነበር?»

«እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው። አንዴም አልጠፋም። ጎረቤቶቹ ራሳቸው ተደንቀዋል።»

ማዕዶት ሳቀች። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈልጎ ማሽኑን እንዲያስመረምር አዘዘችውና ወደ ቤቱ ሄደች።

በር የከፈተችላት አገርነሽ ናት። የጋሞ ተወላጅ፣ አምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ በዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለች ሴት ናት። ሟቹ የጓሮውን ሁለት ክፍል ሊሰጧት ቃል ገብተውላት ነበር የሚለውን ሳጅኑ ከጎረቤት ለቃቅሞ፣ እንደ ትልቅ ግኝት ለማዕዶት ነግሯታል።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ፣ እትዬ አገርነሽ?»

«ቸርች። ሐሙስ ጸሎት አለን። ስምንት ሰዓት ወጣሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተመለስኩ። ሰው ሞልቷል ቤቱ።» ዓይኗ በእንባ ሞላ። «ጋሼን ምሳ ሰጥቼው ነው የወጣሁ። በረንዳ ላይ ወረቀቱን እያየ ነበር።»

«ምን ወረቀት?»

«ካርታ። አሮጌ ካርታ።»

ማዕዶት ትናንት በረንዳው ላይ ምንም ወረቀት አላየችም። ይህንንም ለራሷ ያዘችና አገርነሽን ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ወሰደቻት። አገርነሽ ክዳኑን ከፍታ አየችና ግራ ገባት።

«እነዚህን ማን ከተተ?»

«ራሳቸው አይደሉም?»

«እኔ እኮ ጠዋት በእጄ አጥቤ አስጥቻቸዋለሁ። ሦስቱንም። ማሽኑ ከተበላሸ ወዲህ በእጄ ነው የማጥበው። ጋሼ ንጹሕ ሸሚዝ ከሽቦ አውርዶ መልሶ ውኃ ውስጥ ይከታል? ለምን?»

የልብስ መስጫው ሽቦ ላይ አንሶላና ፎጣ ተሰጥቷል። መሐል ላይ ስድስት መቆንጠጫዎች ባዶአቸውን ተንጠልጥለዋል።

«በረንዳውንስ ትናንት አጥበሽው ነበር?»

«በረንዳ ቅዳሜ ነው የማጥበው። ቅዳሜ ደግሞ ጋሼ ሊሄድ ነበር፤ ማልዶ።»

«ወዴት?»

«ዱቡሻ። ሽማግሌዎቻችን የሚሰበሰቡበት ሜዳ። ፊታቸው ቆሞ ሊናገር ነበር። ድሮ ሲቀይስ መስመሩን ሆን ብለን አዞርነው አለኝ። ልክነሽ የምትባል ባልቴት ኩልፎ ወንዝ ዳር የነበራትን የማንጎ ቦታ በዚያ መስመር አጣች። እኔ ጎሜ፣ የተደበቀ በደል መቅሠፍት ያመጣል፣ አልልም፤ ጌታን ነው የማምነው። ጋሼ ግን የሰሜን ሰው ሆኖ ከኛ በላይ ጎሜ ይፈራ ነበር። የደበቅኩት በደል ነው ኢየሩስን የቀማኝ፣ ሳልናገር አልሞትም ይል ነበር።»

«መስመሩን ከማን ጋር እንዳዞሩት ነግረውሻል?»

«ጠይቄዋለሁ። እሱ ራሱ ይናገር እንጂ እኔ ስሙን አልጠራም አለኝ።»

በዚህ መሐል የሟቹ የወንድም ልጅ ሸዋንዳኝ ከሳሎን ወጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሆነው፣ ሲቀላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው። ረቡዕ ዕለት በአጎቱ ላይ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶታል፤ ማዕዶትም በቀጥታ ጠየቀችው።

«ጮኼበታለሁ» አለ ሸዋንዳኝ። «ሃያ ዓመት ያለፈውን ነገር አደባባይ አውጥተህ የቤተሰቡን ስም አታስነሣ አልኩት። የመጨረሻው ንግግራችን እሱ ነው። ልለውጠው ብል አልችልም።»

«ሐሙስ ከሰዓትስ?»

«ቢሮ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ሰው አብሮኝ ነበር።»

«ካርታውን አይተኸዋል?»

«እንደውም አጎቴ ለምኖኝ በስልኬ አንስቼለታለሁ። ወረቀቱ አርጅቷል፣ እንዳይቀደድብኝ ብሎ።»

ስልኩን ሰጣት። ማዕዶት የካርታውን የታች ጥግ በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ሁለት ስሞች ነበሩ፤ አንዱ የቀያሹ፣ አንዱ የነዳፊው። መስመሩ የታጠፈበትን ቦታም አየችና ዛሬ የማን እርሻ እንደሆነ ጠየቀችው። ሸዋንዳኝ መልሱን ሲነግራት ራሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለምን ዝቅ እንዳደረገ ግን ገና አልገባውም ነበር።

*

ዘካሪያስ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ፊቱ ግን በአንድ ቀን ተሟጧል። ማዕዶት አጠገቡ ስትቀመጥ ሊነሳ ቃጣው።

«ተቀመጥ። ለምንድነው ጥፋቱ የኔ ነው ያልከው?»

«የመሬት ሽቦዋን፣ አረንጓዴዋን፣ መልሼ ማሰሬን አላስታውስም። ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ ነው ያደርኩት። እጄ ስታስር ይታየኛል፤ ደግሞ ሳታስር ይታየኛል። እሳቸው እንደ አባት ነበሩ። ሥራ ባጣሁ ጊዜ ደንበኛ እየላኩልኝ ነው ያቋቋሙኝ።»

«ማሽኑ ምን ሆኖ ነበር?»

ስለ ሥራው ስትጠይቀው ድምፁ ትንሽ ረጋ አለ። «ካምቢዮው ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ ካምቢዮው ደግሞ ዙሩን ተቀብሎ በርሜሉን ያሽከረክራል። የካምቢዮው ጎማ አርጅቶ ዘይት ያፈሳል። ዘይቱ ቺንጋው ላይ ይንጠባጠብና ቺንጋው ይንሸራተታል። ያ ፉጨት የሚሰማው ለዚያ ነው።»

«ቺንጋው ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ቀበቶ ነው?»

«አዎ። የካምቢዮውን ዘይት ቀየርኩ፤ ጎማውና ቺንጋው ግን ሲቀላ ጠፋ። የዚህን ዘመን ማሽን ቺንጋ ቢያስሩበት አይይዝም። አዲስ አበባ አስፈልጌ እየጠበቅኩ ነው። አሮጌው ቺንጋ ለልክ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።»

ማዕዶት ፊቷን አልለወጠችም። «ከሄድክ ጀምሮ እዚያ ነው?»

«ሳምንት ሆነው። ባያስፈልገኝም እወስደዋለሁ።» ግራ እጁን አሳያት፤ የአመልካች ጣቱ ጫፍ የለም። «ለማጅ ሳለሁ ነው። አትንኩት ብዬ ነግሬያቸው ስመለስ አንድ ሰው ሰካብኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልጨርስ የምሄደውን ማሽን ቺንጋውን ፈትቼ በኪሴ ይዤ ነው የምወጣው። ክዳኑንና ጀርባውን ግን መልሼ አስራለሁ። እንግዳ ሲመጣባቸው ቤታቸው የተበታተነ ማሽን እንዳይታይ ነው።»

«ጋሽ ሰይፈሥላሴ ይህን ያውቁ ነበር?»

«አሳይቻቸዋለሁ። ቺንጋውን በእጃቸው ይዘው አይተውታል።» አንገቱን ደፋ። «ኢንስፔክተር፣ ስንት ዓመት ይፈረድብኛል?»

ማዕዶት በዚያች ደቂቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ኖሮ ሰውዬው ቀና ይል ነበር። ነገር ግን ሱቁን ገና አላየችም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ገና አልደረሰም። ወሬ ከጣቢያ ወጥቶ ከሚፈልጉት ሰው ጆሮ ቢገባ መረጃ ይጠፋል። ስለዚህ «ነገ እንነጋገራለን» ብላው ወጣች። ሥራዋ እንዲህ ያዛታል። ይህን ዝምታዋን ግን በኋላ እሷም አልወደደችውም።

*

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ አቶ ሰይፈሥላሴ ዱቡሻ ሊቆሙ ባሰቡበት ሰዓት፣ ሁሉም ጓሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። አገርነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ከልብስ መስጫው አጠገብ ቆመች። ሸዋንዳኝ ክንዶቹን አጣምሮ ግድግዳውን ተደግፏል። ለጋሽ ሽበሺ ወንበር ወጣላቸው። ሳጅን ኢሳያስ ዘካሪያስን ይዞ መጣ። ዘካሪያስ ማሽኑን ሲያይ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። ማዕዶት አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዛለች።

«ጋሽ ሽበሺ፣ ሐሙስ የሰሙትን ድምፅ ለሁላችንም ይንገሩን።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

ጋሽ ሽበሺ ነገሯቸው። ዱም ዱሙን ነገሯቸው፤ ሊጨምቅ ሲል የሚያፏጨውን ነገሯቸው። ዘካሪያስ ቀስ ብሎ ቀና አለ። አፉን ሊከፍት ሲል ማዕዶት በእጇ ከለከለችው።

«ዘካሪያስ፣ ከሸዋንዳኝ ጋር ማሽኑን አጋድሙልኝ።»

ውኃውና ሸሚዞቹ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወጥተው ተቀምጠዋል። ሁለቱ ሰዎች ማሽኑን ወደ ጎን አጋደሙት። ዘካሪያስ ከሳጅኑ ካቻቢቴ ተቀብሎ የታችኛውን ሽፋን ፈታ። ሞተሩ በአንድ በኩል፣ ካምቢዮው በሌላ በኩል ይታያሉ፤ በመካከላቸው ምንም የለም።

ማዕዶት ከከረጢቱ የተሰነጣጠቀና በዘይት የወዛ ጥቁር ቀበቶ አወጣች። «ይህን ትናንት ከዘካሪያስ ሱቅ ግድግዳ አወረድኩት። እዚያ ከተሰቀለ ሳምንት አልፎታል። አሁን አቁሙትና ሰካው፣ ኢሳያስ።»

ሳጅኑ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። «ልሰካው?»

«ሰካው።»

ማሽኑ ቆሞ ገመዱ ተሰካ፤ ማዕዶትም ማስነሻውን አዞረችው። ሞተሩ እንደ ንብ እምም አለ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም። በርሜሉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሳይታሰብ ማዕዶት መዳፏን የማሽኑ ብረት ላይ አሳረፈች። ዘካሪያስ «ተይ!» ብሎ ወደ እሷ ተወረወረ፤ ሳጅኑ ያዘው። እጇ እዚያው ቆየ። ምንም አልሆነችም።

«ትናንት በባለሙያ አስፈትሼዋለሁ» አለችው ለዘካሪያስ። «ብረቱ ላይ ኤሌክትሪክ የለም። አረንጓዴዋንም ሽቦ አጥብቀህ አስረሃታል። ይህ ማሽን ሰው አልገደለም።»

ዘካሪያስ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ማዕዶት ሶኬቱን ነቅላ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «መጀመሪያ ያስቆመኝ ሳሙናው ነው። ሸሚዙ ላይ እንደተደፋ ረግቶ ነበር። ዱም ዱም እያለ ግማሽ ሰዓት በዞረ ውኃ ውስጥ ዱቄት ሳሙና አይረጋም፤ ልብስ አጥቦ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቀጥሎ ሸሚዞቹ። አገርነሽ ጠዋት ያጠበቻቸው ናቸው። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ማሽኑ ቺንጋ እንደሌለው በዓይናቸው አይተዋል፤ ስለዚህ ንጹሕ ሸሚዝ ከሽቦ አውርዶ የከተተው ማሽኑ መበላሸቱን የማያውቅ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ እንደሚያጥቡ ግን ያውቃል።»

ሸዋንዳኝ ክንዶቹን ፈታ።

«አገርነሽ መበላሸቱን ታውቃለች፤ እጇ ምስክሯ ነው። ሸዋንዳኝ እዚሁ ቤት ነው የሚኖረው፤ ያውቃል፤ ደግሞም በዚያ ሰዓት አሥራ ሁለት ሰው መሐል ነበር። ዘካሪያስ ራሱ ነው የፈታው። የማያውቀው፣ ሦስት ሳምንት ከአርባ ምንጭ ርቆ የቆየ ሰው ብቻ ነው።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሟቹ የካልሲያቸው ተረከዝ ብቻ ነው አፈር የነካው። በእግራቸው አልመጡም፣ ተጎትተው ነው የመጡት። በረንዳው ላይ የታጠበችው አንዲት ደረጃ ከየት እንደተጎተቱ ትናገራለች። እያነበቡት የነበረው ካርታ ደግሞ ጠፍቷል። ሸዋንዳኝ ግን በስልኩ አንስቶታል። ቀያሽ፣ ሰይፈሥላሴ። ነዳፊ፣ ሽበሺ። መስመሩ የታጠፈበት ቦታ ዛሬ የጋሽ ሽበሺ ልጅ የሙዝ እርሻ ነው።»

ማዕዶት ወደ ጋሽ ሽበሺ ወንበር ጠጋ አለች።

«ያዩትን አልነገሩኝም፣ ጋሽ ሽበሺ። የነገሩኝ የለመዱትን ነው። ድምፁን ስለሚያውቁት ደህና አድርገው ገለጹት። ያ ፉጨት ግን ያረጀው ቺንጋ ፉጨት ነው፤ ቺንጋው ሐሙስ ዕለት ሲቀላ ነበር።»

የጋሽ ሽበሺ ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ ወጣ፤ የሁለት ቀን ጭንቀት ያለቀላቸው ይመስል ነበር።

«ሐዋሳ ሆኜ ነው የደወለልኝ። ቅዳሜ ልናገር ነው፣ አንተም ናና አብረን እንቁም አለኝ። ልጄ ትዳሩን የመሠረተበት መሬት ነው አልኩት። ካርታውን ስጠኝ አልኩት። አልሰጥም አለ። ደረቱን ገፋሁት፤ አንዴ ነው የገፋሁት። ደረጃው ጥግ ላይ ወደቀ። ጠራሁት። ደጋግሜ ጠራሁት። ሞቷል።»

«ከዚያ ወደዚህ ጎተቷቸው።»

«አሮጌ ማሽን ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው ይባላል ብዬ። ሰው ይያዛል ብዬ አላሰብኩም።»

«ከተያዘ በኋላስ?»

ሽማግሌው ዘካሪያስን ማየት አልቻሉም። «ወጣት ነው፤ ቸልተኝነት ነው ይሉታል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ቢታሰር ይወጣል ብዬ አሰብኩ። እኔ ከገባሁ አልወጣም።»

አገርነሽ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ከዘካሪያስ በቀር ማንም አልገባውም። እሱም አልተረጎመውም። ሸዋንዳኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ። ሳጅን ኢሳያስ ሽማግሌውን በክንዳቸው ደግፎ ወደ በሩ ወሰዳቸው።

ማዕዶት ዘካሪያስ አጠገብ በርከክ አለች። «ነፃ ነህ። ወደ ቤትህ መሄድ ትችላለህ።»

ዘካሪያስ አልተነሳም። «ስልክዎን ይሰጡኛል?»

«ለማን ልትደውል?»

«ለባለቤቴ። ትናንት አመሻሹ ላይ በጣቢያው ጠባቂ መልእክት ልኬባት ነበር። አባታችሁ ሰው ገድሏል ብለሽ ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ከሰፈር ከሚሰሙት ካንቺ ይስሙት ብዬ።»

ማዕዶት ዓርብ ጠዋት ሳትናገር የወጣችው ዓረፍተ ነገር ትዝ አላት። ጠዋት ተናግራው ቢሆን ኖሮ ማታ የሚላክ መልእክት አይኖርም ነበር። «ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። ስለ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። ስልኩን ተቀብሎ ደወለ።

«እኔ ነኝ። ... ደህና ነኝ፣ ተለቅቄያለሁ። እኔ አይደለሁም። ... አዎ፣ እኔ አይደለሁም። ነግረሻቸዋል?» መልሷን አዳመጠ። ፊቱ ተጨማደደ። «እንግዲያው ልጄን፣ ምሥጋናን፣ ስጪኝ።»

ልጅቷ ስልኩን እስክትቀበል ጥቂት ቆየ።

«ምሥጋና፣ አባትሽ ነኝ። እናትሽ የነገረችሽን እኔ ነኝ ንገሪያት ያልኳት፤ ተሳስቼ ነው። እኔ አላደረግኩትም፣ ልጄ።»

ጓሮው ጸጥ ስላለ የልጅቷ ድምፅ ለማዕዶትም ተሰማት። ቀጭንና የደከመ ድምፅ ነበር። «እግዚአብሔር ይቅር እንዲልህ ስጸልይ ነው ያደርኩት። አሁን ላቁም?»

ዘካሪያስ ወደ በሩ ተመለከተ። ጋሽ ሽበሺን መኪናው ውስጥ እያስገቧቸው ነበር፤ ጎንበስ ማለት አቅቷቸው ሳጅኑ ጭንቅላታቸውን በእጁ ከልሎላቸዋል።

«አታቁሚ» አላት። «ለማን እንደሆነ ስመጣ እነግርሻለሁ።»